ሁለት መቶ አሥራ አራት ድንጋዮች

«ባንኩ መሬቱን ነው የሚፈልገው፤ ቤቱን ከነመኖሩም አልቆጠረው።»

«ቤቱን ማን እሸጣለሁ አለው?»

«ኤርሲሊያ፣ ስሚኝ እንጂ። ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠን እስከ መስከረም መግቢያ ነው። የፊቱ ግድግዳ ሆዱ ተነፍቷል። አንድ የበረዶ ወራት ቢጨመርበት ሄዶ መንገዱ ላይ ይተኛል። አንድ በአንድ እናወርደዋለን፣ ቁጥር እንጽፍበታለን፣ ሣሩ ላይ እናሰልፈዋለን...»

«ከዚያስ?»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበር። ልክ በዚያች ሰዓት ቢራ አመላላሹ ሰውዬ በርሜሉን በጓሮ በር እያንከባለለ ገባና ቤቱ ሁሉ ተንጎዳጎደ። ጸጥ ሲል የአክስቴ ድምፅ ብቻ ተሰማኝ፦ «እሺ ይሁን። ልጅቷ ግን እንዳትሰማ፤ ትጨነቅብኛለች።»

ይህን ንግግር ይዤው ስዞር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከመክረሙ የተነሣ የትኛው ቃል የግንበኛው የሴቲሞ፣ የትኛው የራሴ ጭማሪ እንደሆነ አሁን አልለየውም። «ሆዱ ተነፍቷል» ማለቱን ግን አልጠራጠርም። ስለ ቢራ አመላላሹ ሰውዬ የሚያወራ መስሎኝ፣ ሰውየው ሲያልፍ ሆዱን አተኩሬ አይቼው ነበር።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ ከተማ ሸሚዝ ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር በጋውን የምከርመው ኮርዊን በምትባል መንደር፣ የእናቴ አክስት ኤርሲሊያ ዘንድ ነበር። መጠጥ ቤቱ የእሷ ነው። ከታች ጠረጴዛዎቹና የወይን ጠጅ በርሜሎቹ፣ ከላይ ሁለት መኝታ ቤት። ጎኑና ጀርባው እንጨት ነው፤ ፊቱ ግን ከመሬት እስከ ጣራ ግራናይት። ከባሕር ማዶ፣ ከካራራ ተራሮች መጥተው በቬርሞንት የድንጋይ ካባዎች የተቀጠሩ አርባ ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው እሑድ እሑድ የሠሩት። ኩባንያው የጣለውን ትራፊ ድንጋይ በትከሻቸው እያመጡ፣ እያንዳንዱ በገዛ እጁ ጠርቦ አቆሙት። የሚያርፉበት፣ ደብዳቤ የሚያስጽፉበት፣ ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ ተሰብስበው የሚያለቅሱበት ቤት ነበር። እኔ በደረስኩበት ዘመን ከአርባዎቹ አብዛኞቹን የድንጋይ አቧራ ሳንባቸውን በልቶ ገድሏቸው ነበር፤ የአክስቴን ባል ባቲስታንም ጭምር። እኔ ግን ይህን አላውቅም። ለእኔ ቤቱ ማለት የረጠበ የእንጨት ፍቅፋቂ ሽታ፣ የቺዝ ሽታና ከሰዓት በኋላ በበሩ በኩል ገብታ ወለሉ ላይ የምትተኛ ፀሐይ ነው።

በዚያው ዓመት በረዶው እንደሟሟ የጎረቤታችን የሚስተር ሃድሊ እርሻ በሐራጅ ተሸጦ ነበር። ለፋሲካ አክስቴ ዘንድ መጥቼ ስለነበር ይዛኝ ሄዳ አይቻለሁ። ላሞቹ ጀርባ ላይ ቁጥር፣ አልጋው ራስጌ ላይ ቁጥር፣ ወተት መያዣው ላይ ቁጥር። እኩያዬ የሆነችው የልጃቸው የሎይስ የእንጨት ፈረስ ስልሳ አንድ ቁጥር ነበር። ሰዎች ማስታወሻ ደብተር ይዘው በዕቃው መካከል እየተዘዋወሩ ይዳብሳሉ፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ይጽፋሉ። ወደ ማታ ላይ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ሎይስም ከጭነት መኪናው ጋቢና ሆና ማንንም አታይም። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ቁጥር የተጻፈበት ነገር በማግስቱ በቦታው አይገኝም።

እንግዲህ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሴቲሞ ሁለት ወንድሞቹን ይዞ መጥቶ የመጠጥ ቤታችንን ፊት ከላይ ወደ ታች ማውረድ ሲጀምር፣ እኔ ምን እንዳሰብኩ መገመት አያስቸግርም። ድንጋዮቹን በእንጨት መወጣጫ እያንሸራተቱ ከመጠጥ ቤቱ ጎን ባለው ሣር ላይ ረድፍ በረድፍ አስቀመጧቸው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ናቸው። ሴቲሞ በቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ግድግዳውን ሣለ፤ በሥዕሉም በድንጋዩም ላይ ቁጥር ጻፈ።

«በቀለም ብንጽፈው ነበር የሚሻለው» አለ። «ዝናብ አይወስደውም።»

«የእነዚያን ሰዎች ፊት ቀለም አትቀባም!» አለች አክስቴ። «በጠመኔ ጻፍ። ሲዘንብ ሸራ አልብሰው።»

«እሺ እመቤቴ። ዣንጥላም ልያዝላቸው?»

«ብትይዝላቸው ምናለበት? አንተን አርባ ዓመት ከዝናብ አስጠልለውሃል።»

የሚስቁት ሐዘናቸውን ከእኔ ለመደበቅ መሰለኝ። ይልቁንም የባሰው በሁለተኛው ሳምንት መጣ። ሚስተር ዊትኮም የሚባል ረጅም የማዘጋጃ ቤት ሰው ደብተር ይዞ በድንጋዮቹ መካከል ተዘዋወረ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ዳበሰ። «ድንቅ ድንጋይ ነው፣ ወይዘሮ ኤርሲሊያ» አለ። «በጊዜው ካላለቀ ግን ነገሩ ከእጄ ውጭ ነው። ያውቁታል።» አክስቴ አንገቷን ደፋች። ለእኔ አለቀ ደቀቀ። ገዢው ይህ ሰውዬ ነው።

ዛሬ ሳስበው ያ ሰው ከሁሉም በላይ ቤቱ እንዲድን የሚመኘው ነበር። አፍራሽ ማሽን እንዳይመጣብን ያንን ቀነ ገደብ ሁለት ጊዜ ያራዘመልን እሱ እንደነበር፣ አክስቴ ከሞተች በኋላ ደብዳቤዎቿን ሳገላብጥ ነው ያየሁት። ያኔ ግን ጫማውን በዓይኔ ተከትዬ ረገምኩት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እሑድ በቅዳሴው ሰዓት ቅዱስ አንቶኒዮን ለመንኩ። እሱ የጠፋ ዕቃ ያስገኛል። እኔ ግን ገና ያልጠፋው እንዳይጠፋ ነበር የምለምነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ወንዶቹ ከጓሮ ኳስ ማንከባለል ሲጀምሩ፣ አክስቴም ምግብ ስታቀርብ፣ እኔ በጎን ወጣሁ። ሣሩ ላይ የሴቲሞ ባልዲ ተቀምጧል። መልሱ የመጣልኝ መሰለኝ።

ከማጠቢያ ቤት ሳሙናና የወለል ቡሩሽ አመጣሁ። ከቧንቧው እየቀዳሁ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀመርኩ። ጠመኔው ሳይከብድ ለቀቀ፤ ነጭ ወተት ሆኖ ሣሩ ውስጥ ገባ። ደረቁ ግራጫ ድንጋይ ውሃ ሲነካው ይጠቁርና ውስጡ እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ነገር ብቅ ይላል። ጉልበቴ ራሰ፣ ጣቶቼ ተጨማደዱ። ከጓሮ «ወደ ግራ! ወደ ግራ! አንተ ዕውር!» የሚል ጩኸትና የእንጨት ኳስ ሲጋጭ ይሰማኛል። በሁለተኛው ረድፍ መጨረሻ አንዷን ስፈትግ ቡሩሹ የሆነ ነገር ላይ ተሰናከለ። ሳይ፣ በጀርባዋ በኩል አንዲት ወፍ ተቀርጻለች፤ ጅራቷ ለሁለት የተከፈለ፣ ክንፏን የዘረጋች ትንሽ ጨረባ። ጭቃና አሮጌ ኖራ ደፍኗት ነበር። በጥፍሬ አጸዳኋት። እንዲህ ያለች ቆንጆ ነገር ወደ ውስጥ ዞራ መኖሯ ገረመኝ፤ ግን ሥራ ስለነበረብኝ አለፍኩ።

አክስቴ የድንች ሳህን ይዛ በጎን በር ብቅ ስትል ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ የቀሩኝ ዘጠኝ ነበሩ።

«ቲልዴ... ምን እያደረግሽ ነው?»

ቀና ብዬ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። «አዳንኩት!» አልኳት። «ከእንግዲህ ማንም ሊገዛው አይችልም። ቁጥር የለውም!»

ሳህኑን እንዴት ሣሩ ላይ እንዳስቀመጠችው አስታውሳለሁ፤ አልወደቀባትም፤ ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና አስቀመጠችው። ከዚያ ሴቲሞን ጠራች። ሴቲሞ መጣ፣ አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ወንድሞቹም ተከትለው አወለቁ፤ ልክ ቀብር ላይ እንደሚደረገው።

«ማዶና!» አለ ሴቲሞ። «እናቴን... ይህች ልጅ... ኤርሲሊያ፣ ይህች ልጅ እኮ...»

«ማንም እንዳይነካት» አለች አክስቴ። አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ወደ ራሷ ጎተተችኝ፤ በሽርጧ እጄን እየጠረገች «ማን ነው እንሸጠዋለን ያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ሎይስ ፈረስ ነገርኳት። ስለ ረጅሙ ሰውዬ ነገርኳት። እሷም እዚያው በእርጥቡ ሣር ላይ ሆና፣ ደረጃው ላይ ሳለሁ በርሜሉ የነጠቀኝን የንግግሩን እኩሌታ ነገረችኝ። ግድግዳው የሚወርደው ተመልሶ እንዲቆም ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ እነበረበት ይመለሳል፤ ቁጥሩም ለዚያ ነው። እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ ፊቱ ካልተዘጋ ማዘጋጃ ቤቱ የቀረውን በማሽን ያፈርሳል፤ መሬቱን ባንኩ መኪና ማቆሚያ ያደርገዋል።

«ስንት ቀን ቀረን?» አልኳት።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ሴቲሞ በእሷ ፈንታ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። አክስቴም ፀጉሬን እያሻሸች «ጥፋቱ የእኔ ነው። በቀለም እንጻፈው ብሎኝ ነበር» አለች። ሴቲሞ አፉን ሊከፍት አለና አየችው፤ ዘጋው።

ሰኞና ማክሰኞ ሥዕሉን ዘርግተው ሲታገሉ ዋሉ። ችግሩ፣ ሴቲሞ በቱንቢና በመዶሻ ወደር አይኑረው እንጂ ሥዕል ላይ ድንጋዩን ሁሉ ድንች ነው ያስመሰለው። «ይሄ አርባ ሁለት ነው» ይላል አንዱ ወንድሙ። «አርባ ሁለት ድንች አልነበር?» ይላል ሌላው። ትራፊ ድንጋይ ስለሆነ ሁለት እኩል የሆነ የለም፤ አንዱ ያለቦታው ከገባ ሌላው አይገጥምም። በሁለት ቀን ቦታቸውን ያገኙት አሥራ አንድ ድንጋዮች ነበሩ።

ማክሰኞ ምሳ ላይ ሴቲሞ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ መስኮቱ እያየ «እጅ የሚያነብ ሰው ያስፈልገናል» አለ። «የእያንዳንዱን ሰው አጠራረብ የሚያውቅ። ሲሠራ የነበረ።»

«የሉም» አለች አክስቴ።

«አንድ አለ።»

«የለም አልኩህ። ማሽኑ ይምጣ።»

አንዱ ማን እንደሆነ አውቄአለሁ። ከኮረብታው ሥር ብቻውን የሚኖረው ሽማግሌው ኦሊንዶ ነው። መጠጥ ቤታችን ውስጥ ስሙ ሲነሣ ሰዎች «ከሰው አፍ ዳቦ የነጠቀ» ይሉታል። እኔም በቤቱ ባለፍኩ ቁጥር ዳቦዬን ቀሚሴ ሥር እደብቅ ነበር። በዚያ ላይ አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በክዳን የተሸፈነ ድስት ታስይዘኝና በእሱ ቤት የኋላ በር ደረጃ ላይ አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ፣ እንድሮጥ ታዘኝ ነበር። «ለኔላ ነው» ትላለች። በማግስቱ ባዶው ድስት ታጥቦ አጥራችን ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። እኔ ሽማግሌውን ለማናደድ የምንጫወትበት ነገር አድርጌ ነበር የምወስደው፤ አንኳኩቶ መሮጥ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ነገሩ ሌላ ነበር። ከዚያ ሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ጠራቢዎቹ አድማ መትተው ሥራ አቁመው ነበር። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ አቧራውን ሳንባቸው ሳይገባ የሚስብ ማሽን ይተከልልን አሉ። ኦሊንዶ አድማውን ሰብሮ ገባ። እሱን አይተው ሌሎች ገቡ፤ አድማው ፈረሰ። ማሽኑ የተተከለው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ባቲስታ ግን አድማው በፈረሰ በሁለተኛው ዓመት ሞቶ ነበር። እኔ አሁን የደብራችንን መዝገብ የምጠብቅ ሴት ነኝና፣ የዚያን ዓመት ገጽ ስገልጥ ሌላም ነገር አገኘሁ። በመጋቢት፣ አድማው በፈረሰ በሦስተኛው ሳምንት፣ የኦሊንዶና የሚስቱ የኔላ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ወር ሕፃን፣ በሳንባ ምች ሞታ ተቀብራለች። ለመድኃኒቷ ብሎ ነበር የገባው።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ እሱ የሄድኩት። ዳቦ አልያዝኩም።

ባቄላውን ከእንጨት እያሰረ አገኘሁት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲተነፍስ ደረቱ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ የሚል ሰው ነው።

«ቅዳሜ አይደለም» አለኝ ሳይዞር።

«አውቃለሁ። ድስት አይደለም ያመጣሁት።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ድንጋዮቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ቁጥሩን በሙሉ።»

ዞረ። «ሁለት መቶውንም?»

«ዘጠኝ ቀርተውኛል።»

«ዘጠኙ ለምን ቀሩ?»

«አክስቴ ደረሰችብኝ።»

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበትና አጥሩን ይዞ ቆየ። እስኪሻለው ጠብቄ «እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት አሉ» አልኩት። «አክስቴ ግን አይጠሩም አለች።»

«ልክ ናት።»

«አንዲት ወፍ ያለባት ድንጋይም አለች። ጅራቷ ሁለት የሆነ። በጀርባዋ በኩል ነው ያለችው። እሷም የት እንደነበረች አይታወቅም።»

እጁ ላይ የነበረው ገመድ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሲያነሣው ብዙ ጊዜ ወሰደበት። «ባቄላውን ልጨርስ» አለኝ። «አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

እንቢ ማለቱ መስሎኝ እየተጎተትኩ ተመለስኩ። በማግስቱ ግን፣ ገና ምሳ እንደበላን፣ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣውን አድርጎ ከዘራውን ይዞ በመንገዱ መጣ። ሣራችን ሊጀምር አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ሴቲሞ አየው፤ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ሰላም አላለውም። ኦሊንዶም አላለም።

«ያቺ ጠርዟ ወደ ግራ የተጫረችው» አለ ኦሊንዶ በከዘራው እያመለከተ «የፒዬሮ ናት። ግራኝ ነበር። ከግራው መስኮት ሥር ሦስት ናቸው፤ መካከለኛዋ እሷ ናት።»

ሴቲሞ ሥዕሉ ላይ ጎንበስ አለ። ድንቾቹን ለካ። «ልክ ነው» አለ በቀስታ።

«ሰፊው የሁለቱ ወንድማማቾች ነው። አንዱ ጀመረው፣ መሐል ላይ ተጣሉ፣ ሌላው ጨረሰው። አታይም፣ ግማሹ ለስላሳ ግማሹ ሻካራ? ከበሩ በስተቀኝ። ሻካራው ወደ ላይ።»

እንዲህ እያለ ከመንገዱ ሳይነቃነቅ ዘጠኝ ድንጋይ አነበበ። ሴቲሞና ወንድሞቹ እንደ ልጆች ይሯሯጡለት ጀመር።  አሥረኛው ላይ አክስቴ እጇ ዱቄት እንደሆነ በጎን በር ወጣች።

«ማን ጠራህ?»

«ማንም። መንገድ ላይ ነው የቆምኩት። መንገዱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው።»

«ለማዘጋጃ ቤቱ መቀጠርህን አልሰማሁም ነበር።»

«ሩዝሽ ጨው ያንሰዋል። እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ሴቲሞ ሰማዩን ማየት ጀመረ።

«ለአንተ ተብሎ አልተሠራም» አለች አክስቴ። «ለኔላ ነው የምልከው።»

«ኔላ ከሞተች በመጪው ጥቅምት ስድስት ዓመቷ ነው፣ ኤርሲሊያ። ቀብሯ ላይ ከኋላ ቆመሽ ነበር፤ አይቼሻለሁ።»

አክስቴ ዱቄቱን ከእጇ ላይ ማራገፍ ያዘች፤ ካለቀ በኋላም ታራግፍ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የገባኝ ለሞተ ሰው ድስት ስሸከም መክረሜ ብቻ ነው፤ ትንሽም ፈራሁ።

ሴቲሞ ጨረባዋ ያለችበትን ድንጋይ ገፋ አደረጋት። «ይህቺስ?»

ኦሊንዶ ለረጅም ጊዜ አያት። «ከበሩ በስተግራ፣ ሁለተኛው ረድፍ» አለ። «የእኔ ናት።»

«ፊቷ ወደየት ነው?» አለ ሴቲሞ ማንንም ሳያይ።

«እኔ ስሠራት ወደ ውጭ ነበር። ከአድማው በኋላ ነቅላችሁ ወደ ውስጥ አዞራችኋት፤ ሲወራ ሰምቻለሁ። አልፈረድኩም። ግን ጀርባዋን እንደ ሽብልቅ አጥብቤ ነው የጠረብኳት። ቀጭኑ ጫፍ ወደ ውጭ ሲሆን ዙሪያዋ ክፍት ቀረ፤ በኖራ ደፈናችሁት። በዚያ በኩል ውሃ ገባ። ውሃው በረዶ ሆኖ በየዓመቱ ገፋ። ግድግዳችሁን ሆዱን የነፋው እሱ ነው።»

«እኛ ነን ያፈረስነው ማለትህ ነው?» አለች አክስቴ።

«እኔ የማወራው ስለ ድንጋይ ነው።»

«ሴቲሞ፣ እውነቱን ነው?»

ሴቲሞ ጎንበስ ብሎ ድንጋይዋን በሁለት እጁ አገላበጠ፤ ጣቱን በጠባቡ ጫፍ ላይ አስኬደ። «እውነቱን ነው። እንደነበረች ከመለስናት ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና እዚሁ እንገናኛለን።»

«ስለ ግድግዳው ከሆነ ትዙር» አለች አክስቴ።

«ስለ ግድግዳው ነው» አለ ኦሊንዶ።

ግድግዳው ዛሬም ቆሟል። ቀነ ገደቡ ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት የመጨረሻው ድንጋይ ከጣራው ሥር ገባ። ሚስተር ዊትኮም መጥቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈና ደብተሩን ሳይከፍት ወደ ኪሱ መለሰው። አሁን በሩ አጠገብ ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን የሚናገር ሰሌዳ አለ። በጋ ላይ የሚመጡ ሰዎች ጨረባዋን ፎቶ ያነሡና «ምን ማለት ናት?» ብለው ይጠይቁኛል። ሰዓት ካላቸው እነግራቸዋለሁ። ከሰሌዳው ይልቅ ግን ሁልጊዜ ወደ ልቤ የምትመጣው ያቺ ከሰዓት ናት፤ ድንጋይዋ ትዙር ከተባለ በኋላ ያለችው፣ ግድግዳው የማያስገድደው ነገር የተጠየቀባት።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል?» አለችው አክስቴ። «ግባና ሥራ።»

«ቆሜ አልችልም። ሳንባዬ ከአሥር ደቂቃ በላይ አያቆመኝም። ወንበር ያስፈልገኛል።»

«ሴቲሞ ሳጥን ያቀርብልሃል።»

«ሳጥን አልፈልግም። ከውስጥ፣ ወንበር።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ለመጨረሻ ጊዜ የገባሁ ቀን ገና በሩን ሳልፍ ወንበሮቹን ሁሉ ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ሰቀላችሁብኝ። የመጨረሻውን የሰቀለው ባቲስታ ራሱ ነው፤ እያሳለ። ደግ አደረገ። ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ቆሜያለሁ፣ ኤርሲሊያ። ደከመኝ።»

ከሴቲሞ ወንድሞች አንዱ መወጣጫው ላይ እንደቆመ ቀረ። አክስቴ ኦሊንዶን አየችው፤ ቀጥላ ገና ፊት የሌለውን ቤቷን፣ በክፍቱ በኩል የሚታዩትን ጠረጴዛዎች አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ባቲስታን የምታናግር ይመስል ነበር፤ ጸሎትም ሊሆን ይችላል፤ ኋላ ጠይቄያት አልነገረችኝም።

«የቱን ወንበር?» አለች በመጨረሻ።

«የቱንም።»

«እግራቸው የሚወዛወዝ አሉ።»

«የማይወዛወዘውን።»

«ትራስም ያምርህ ይሆናል።»

«ከተገኘ።»

«እኔ ላምጣለት?» አለ ሴቲሞ፤ ነገሩ እንዳይበላሽ ፈርቶ አንድ እግሩን ደፉ ላይ አድርጎ።

«አንተ ድንጋይህን ያዝ» አለችው አክስቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «እኔ አወጣለታለሁ።»